ሁለት ሆናችሁ ሂዱ፦ የቹንቾን ዳክጋልቢ

የደቡብ ኮሪያዋ ከተማ ቹንቾን መጀመሪያ የሄድኩት ከሦስት ዓመት በፊት ነው፣ ብቻዬን። ዳክጋልቢ የሚባለውን፣ በቀይ ስጎ የሚጠበስ የዶሮ ምግብ በአገሩ ልብላ ብዬ ነበር። አንዱ ቤት በር ከፍቼ ስገባ የምታስተናግደው ሴት ከኋላዬ ሌላ ሰው እንዳለ አየች። ማንም የለም። ከዚያ ሁለት ጣቷን አነሳችልኝና ራሷን ነቀነቀች። ኮሪያኛዬ ገና ስለነበር ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም። በጥቁርነቴ መስሎኝ ሆዴ ባባ። ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ካለ ሱቅ ኪምባብ (በባሕር አረም የተጠቀለለ ሩዝ) ገዝቼ እየበላሁ ወደ ሴኡል ተመለስኩ።

ነገሩ ሌላ እንደሆነ ያወቅኩት ቆይቼ ነው። ዳክጋልቢ ብዙ ቦታ የሚሠራው ቢያንስ ለሁለት ሰው ነው። መጥበሻው ትልቅ ነው፣ ጠረጴዛውን ሞልቶ ይቀመጣል፣ ለአንድ ሰው ተብሎ እሳት አይለኮስም። ያቺ ሴት ያለችኝ “ሰው ይዘህ ና” ነው። ይህን ሳውቅ ቅሬታዬ ወጣልኝ፣ ግን ብቻውን ለሚኖር ሰው ይህ አገር ምግብ ላይ ከባድ መሆኑን ዛሬም እናገራለሁ። አሁን ብቻውን የሚበላ ሰው በጣም በዝቷል፣ ሆንባብ የሚል ስምም አውጥተውለታል፣ ለአንድ ሰው ብቻ የሚሠሩ ቤቶችም አሉ። ድስት ወይም መጥበሻ መሃል ላይ የሚቀመጥበት ቤት ግን አሁንም የሁለት ሰው ነው።

ስለዚህ ባለፈው ቅዳሜ ሦስት ሆነን ሄድን። እኔ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ አብራኝ የምትሠራ ኮሪያዊት ሱንበ (ቀድማ የገባች፣ በዕድሜም የምትበልጠኝ ማለት ነው)፣ እና ከአዲስ አበባ ከመጣ ሁለት ሳምንቱ የሆነ ጓደኛዬ። ከዮንግሳን ጣቢያ አይቲኤክስ ቾንግቹን በሚባለው ባቡር አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው። የሜትሮው ባቡርም ይሄዳል፣ ርካሽ ነው ግን ይንቀራፈፋል። ስልካችሁ ላይ ስትፈልጉ “ቹንቾን ምዮንግዶንግ” ብላችሁ ጻፉ፣ ምዮንግዶንግ ብቻ ካላችሁ ሴኡል መሃል ያለው የገበያ ሰፈር ይወስዳችኋል። የዳክጋልቢ መንገድ የሚሉት ጠባብ መንገድ ነው፣ ግራና ቀኙ በሙሉ አንድ ዓይነት ምግብ የሚሸጥ ቤት ነው። እኛ የገባነው መሃል አካባቢ ካሉት ትንንሾቹ አንዱ ነው። ቤቶቹ አሠራራቸው በጣም ስለሚቀራረብ የምጽፈው ለሌሎቹም ይጠቅማችኋል።

ስትቀመጡ ምን ትበላላችሁ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ጥያቄው ስንት ናችሁ ነው። ሦስት ካላችሁ የሦስት ሰው ይመጣል። ማንኪያና ቾፕስቲክ ጠረጴዛው ጎን ካለ መሳቢያ ውስጥ ነው፣ ውሃም ከማቀዝቀዣው ራሳችሁ ታመጣላችሁ። ሽርጥ ይሰጣችኋል፣ እባካችሁ ልበሱት፣ ቀዩ ስጎ ይረጫል። ጃኬታችሁንም በሚሰጧችሁ ትልቅ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ክተቱት፣ አለዚያ ሽታው ሁለት ቀን አይለቅም።

ከዚያ መጥበሻው ላይ ሁሉ ነገር ጥሬውን ይደረደራል። አጥንት የሌለው የዶሮ ሥጋ በቀይ ስጎ ተለውሶ፣ ጥቅል ጎመን ክምር፣ ስኳር ድንች፣ ቶክ የሚሉት ከሩዝ ዱቄት የሚሠራ ሙልሙል፣ ከላይ ደግሞ ኬንኒፕ የሚባል ጠረኑ ጠንከር ያለ ቅጠል። ጓደኛዬ ደነገጠ። ዶሮ በሎሚና በጨው ታጥባ ታጥባ፣ ውሃው ጥርት እስኪል ድረስ ተለቅልቃ ካልሆነ ድስት ውስጥ የማትገባበት ቤት ላደገ ሰው ጥሬ ዶሮ የሚበላበት ጠረጴዛ ላይ ማየት ቀላል አይደለም። እኔም መጀመሪያ ሰሞን እንደዚያው ነበርኩ። ግን አትፍሩ። የምትሠራው ሴት በየደቂቃው እየመጣች ታገላብጣለች፣ ሥጋውን በመቀስ ትቆራርጣለች፣ እሳቱን ከፍ ዝቅ ታደርጋለች። እሷ ብሉ ሳትል ማንም አይነካም። ቀድማ የምትፈቅደው ቶኩንና ስኳር ድንቹን ነው፣ ዶሮው መጨረሻ ላይ ነው።

ሴትዮዋን እንዴት እንደምትጠሯት ላስተምራችሁ። ጠረጴዛው ላይ የሚጫን ደወል አለ፣ ግን ሰዉ “ኢሞ!” እያለ ነው የሚጠራው። ኢሞ የእናት እህት ማለት ነው። አክስቴ እንደማለት። እኛ አገር ቤት የማናውቃትን ሴት እናቴ፣ እትዬ እንደምንለው ማለት ነው፣ ስለዚህ ለአበሻ አፍ አይከብድም። ወጣት አስተናጋጅ ከሆነች ግን ኢሞ አትበሉ፣ “ዮጊዮ” (እዚህ ጋ) ይበቃል።

አሁን ወደ ጣዕሙ። ስጎው የሚሠራው ከጎቹጃንግ ነው፣ በርበሬና ሩዝ ከአኩሪ አተር ጋር ተብላልቶ የሚዘጋጅ ወፍራም ነገር። መልኩ አዋዜ ይመስላል። ጣዕሙ ግን አዋዜ አይደለም፣ ይህን ቀድማችሁ ካላወቃችሁ ቅር ይላችኋል። ቁሌት የለውም። ሽንኩርት ብዙ ሰዓት የበሰለበት፣ ቅቤና ኮረሪማ የገባበት ጥልቀት አትጠብቁ። ያለው ሌላ ነገር ነው፦ የመብላላት ጣዕም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ከብረቱ ላይ የሚመጣ የመጠበስ ሽታ፣ ከጎመኑ የሚወጣ ጣፋጭ ውሃ። ዶሮው ለስላሳ ነው፣ ስጎው ውስጡ ድረስ ገብቷል። ማቃጠሉ ሚጥሚጣ ለለመደ ሰው መካከለኛ ነው። ቅሬታዬ ስኳሩ ላይ ነው። በዝቷል። ኮሪያ ውስጥ ቀይ ምግብ ሁሉ ትንሽ ይጣፍጣል፣ ይህኛው ግን ከመጠን አለፈ፣ ግማሽ ላይ ስንደርስ ጓደኛዬ ኪምቺ (በርበሬ ገብቶበት የተብላላ ጎመን) እና ነጭ ሽንኩርት እያሳደደ መብላት ጀመረ። ስታዝዙ “ሜብገ ሄ ጁሴዮ” በሏቸው፣ አቃጥላችሁ ሥሩልን ማለት ነው። ከጎን የሚመጣው ዶንግቺሚ ደግሞ አዳነን። ነጭ ፍጅል በቀዝቃዛ ጨዋማ ውሃ ውስጥ የተብላላ ነው፣ ውሃውን በማንኪያ እየጠጣችሁ አፋችሁን ታጥባላችሁ። ይህና ሰላጣው፣ ኪምቺው ሁሉ ሲያልቅ በነፃ ይጨመራል። ሦስት ጊዜ አስጨመርን፣ ማንም ፊቱን አላጠቆረም።

ከሁሉ በላይ ልጽፍላችሁ የፈለግኩት ግን ይህን ነው። ሱንበዬ የሰላጣ ቅጠል መዳፏ ላይ ዘርግታ፣ ኬንኒፕ ደርባ፣ ዶሮ፣ ነጭ ሽንኩርትና ትንሽ ስጎ አስቀምጣ ጠቀለለችና ጓደኛዬን “አፍህን ክፈት” አለችው። ሳም ይባላል፣ ጥቅል ማለት ነው፣ የሚወዱትን ሰው እንደዚህ ያጎርሱታል። ጓደኛዬ አንድ ጊዜ ወደ እኔ ዞሮ “ጉርሻ!” ብሎ ጮኸ፣ ጎን ያሉት ሰዎች ሁሉ ዞሩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ዶርም ውስጥ ብቻውን ሲበላ የከረመ ልጅ ነው። ዓይኑ እንባ ሞላ፣ በርበሬው እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሳም በአንድ ጊዜ ነው የሚጎረሰው፣ ለሁለት መንከስ ነውር ነው፣ ስለዚህ ጉንጩ ተነፍቶ ማውራት አልቻለም። እኔ ለሱንበ እኛ ጋ አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላል ብዬ ነገርኳት። ወዲያው ሁለተኛውን ጠቀለለች።

ሌላም አለ። ጓደኛዬ ለሱንበ ውሃ ሲቀዳ ማንም ሳይነግረው በቀኝ እጁ ይዞ በግራው ክንዱን ደገፈ። አገር ቤት ለታላቅ የምናደርገው ማለት ነው። ኮሪያ ውስጥ ልክ እንደዚያ ነው የሚደረገው። ሱንበ “ማን አስተማረህ?” አለችው። እናቴ አላት። ዕድሜውን ደግሞ ገና ሳይቀመጥ ጠይቃዋለች፣ እሱ ትንሽ ገርሞት ነበር፣ ግን ያለዚያ ምን ብላ እንደምታናግረው አታውቅም። እኛ አንተና እርስዎ እንደምንለው ኮሪያኛም ግሱ እንደ ሰውየው ይለወጣል፣ ከእኛ ይልቅ ደረጃው ይበዛል። ታላቅ ማንኪያ ሳያነሳ ታናሽ አይጀምርም። አንድ ቦታ ብቻ ተሳሳተ፦ ቾፕስቲኩን ሩዝ ውስጥ ቀጥ አድርጎ ተከለው። ሱንበ ቀስ ብላ ነቅላ ጎን አስቀመጠችለት። እንደዚያ የሚደረገው ለሙታን በሚቀርብ ምግብ ላይ ነው። የኮሪያ ቾፕስቲክ ብረት ነው፣ ጠፍጣፋና አንሸራታች፣ ካስቸገራችሁ ሹካ ጠይቁ፣ ይሰጧችኋል። ሩዝና ሾርባ በማንኪያ ነው፣ የሩዝ ሳህን ከጠረጴዛ አይነሳም። በእጅ መብላት የሚፈቀደው ሳም ላይ ነው፣ እጅ መታጠቢያው ግን መጸዳጃ ቤት ውስጥ ነው ያለው፣ እርጥብ ሶፍት ለእኛ አይበቃም። ሳትቀመጡ ታጠቡ።

መጥበሻው ላይ ጥቂት ሲቀር አትጨርሱት። ፖክምባብ እዘዙ። ኢሞ ሩዝ አምጥታ ከተረፈው ስጎ ጋር ታሸዋለች፣ የባሕር አረም ትበትንበታለች፣ ብረቱ ላይ ለጥጣ እስኪያር ትተወዋለች። ከስር ተቧጭሮ የሚወጣው ነው የሚጣፍጠው። እኛ ከወጡ ስር ለራሰችው እንጀራ እንደምንሻማው እዚህም ማንኪያ ለማንኪያ ይጋጫል። ለእኔ ከዶሮው ይልቅ ይህ ይበልጣል።

ኢሞ ከየት ናችሁ ስትለን ኢትዮጵያ አልናት። ሌላ ከተማ ውስጥ ኢትዮጵያ ብትሉ አፍሪካ ነው አይደል ይሏችኋል። እሷ ግን “አ፣ ኢዲዮፒያ!” ብላ ሁለት ለስላሳ አመጣች። “ሰርቪስ” አለች፣ እዚህ ቃሉ ነፃ ስጦታ ማለት ነው። ቹንቾን ስማችንን የሚያውቀው በምክንያት ነው። ለኮሪያ ጦርነት ዘምቶ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1951 ፑሳን የደረሰው የኢትዮጵያ ቃኘው ሻለቃ ከተዋጋባቸው ቦታዎች አንዱ ከዚህ ብዙ የማይርቀው ህዋቾን ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 አፄ ኃይለ ሥላሴ እዚህ ከተማ መጥተው የዘማቾቹን መታሰቢያ ሐውልት መርቀዋል። ዳክጋልቢ ራሱ ቹንቾን ውስጥ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ገደማ ነው፣ ርካሽ ስለነበር ወታደርና ተማሪ ይወደው ነበር።

አሁን ርካሽ አይደለም። ለአንድ ሰው 15,000 ዎን ነው፣ ሁለት ፖክምባብ በ3,000 ጨምረን ለሦስት 51,000 መጣ። ሒሳብ የሚከፈለው መውጫው ላይ ነው፣ ጉርሻ ለአስተናጋጅ መተው የለም። ሱንበ መጸዳጃ ቤት ደርሼ ልምጣ ብላ ተነስታ ከፍላ ተመለሰች። ይህን ተንኮል እኛም እናውቀዋለን፣ ቢሆንም ቀደመችን። እዚህ ታላቅ ምግብ ከከፈለ ታናሽ ቡና ይጋብዛል። በልታችሁም ብዙ አትቀመጡም፣ ሰው በልቶ ይነሳል፣ ጨዋታው ሌላ ቤት ይቀጥላል። ጓደኛዬ ገና ማውራት ሲጀምር መነሳታችን ከብዶት ነበር። ስለዚህ ወደ ጎንግጂቾን ወንዝ ዳር ሄድን፣ ከሐውልቱ አጠገብ እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ ያለ ኢትዮጵያ ቤት የሚባል ካፌ አለ። ቡናውን ጓደኛዬ ከፈለ፣ ጨዋታውንም እዚያ ጨረስን።

ሳትሄዱ የምትፈልጉትን ልንገራችሁ። ረቡዕ፣ ዓርብና በሌላውም ጾም አትሂዱ። ዶሮውን ትታችሁ ጎመኑን ልብላ ብትሉ ሁሉም በአንድ ስጎ ነው የሚበስለው፣ ኪምቺውም ውስጥ ብዙ ጊዜ የዓሣ ስጎ ወይም ጨው የተደረገበት ትንንሽ ሽሪምፕ አለ። የክርስቲያን ሥጋ፣ የእስላም ሥጋ የሚባል ልዩነትም አያውቁም፣ በዚህ ለምትጠነቀቁ ይህ ቤት አይሆንም። ቅዳሜና እሑድ እኩለ ቀን ላይ ሰልፍ አለ፣ ከሰዓት 9 ሰዓት አካባቢ ይቀላል። ብቻችሁን ከሆናችሁ ደግሞ እዚያው ከተማ ማክጉክሱ ብሉ፣ ባክዊት ከሚባል ጠቆር ያለ እህል የሚሠራ ቀዝቃዛ ኑድል ነው፣ ለአንድ ሰውም ይቀርባል፣ ጣቱን የሚያነሳባችሁ የለም።

እኔ በሚቀጥለው ወር መጨረሻ ቅዳሜ ተመልሼ እሄዳለሁ። መጥበሻው ላይ የአንድ ሰው ቦታ አለኝ። ሴኡል ወይም ሱዎን ያላችሁ፣ በተለይ አዲስ የመጣችሁ፣ ጻፉልኝና ዮንግሳን ጣቢያ እንገናኝ።