ሆንዳ ትሬይል 125 ከካምፐር ጀርባ፦ ከወራት አጠቃቀም በኋላ

ካምፐር፣ ማለትም ፒካፕ ላይ የሚጫን ትንሽ ቤት፣ መኪናው ላይ የጫነ ሰው ችግሩን ያውቀዋል። ቤቱም መኪናውም አንድ ነው። ቦታ ይዛችሁ፣ ደልድላችሁ፣ ቡናው ከተፈላ በኋላ ስኳር ቢያልቅ ቤቱን በሙሉ አጣጥፋችሁ ነው ከተማ የምትወርዱት። የኮሎራዶ የተራራ መንገዶች ደግሞ አሉ፤ ጠባብ፣ ድንጋያማ፣ ከላዩ ከባድ ነገር ለተሸከመ መኪና የማይመቹ። ስለዚህ አብሮ ተጭኖ የሚሄድ ትንሽ ነገር የግድ ነው።

እኔ ሆንዳ ትሬይል 125 የሚባለውን ትንሽ ሞተር ሳይክል ገዛሁ። ከዴንቨር እስከ ሳን ዋን ተራሮች ደጋግሜ ይዤው ስለሄድኩ አሁን የምለው አለኝ።

ጂምኒ፣ ትንሿን የሱዙኪ ጂፕ፣ ለምን አልገዛህም የሚሉኝ አሉ። አሜሪካ ውስጥ አዲስ አይሸጥም። ቢሸጥም ከአንድ ቶን በላይ ነው፣ ይጎተታል እንጂ አይጫንም። ተጎታች ካስከተልኩ ደግሞ ካምፐር ምን ያደርግልኛል? ሮኮን የሚባለውን ሞተር ሳይክልም በደንብ አስቤበት ነበር። ኒው ሃምፕሻየር የሚሠራ፣ ሁለቱም ጎማዎቹ የሚነዱ፣ ቸርኬው ውስጥ ውሃ ወይም ቤንዚን መያዝ የሚችል ጉደኛ ሞተር ነው፤ ክብደቱም 100 ኪሎ አካባቢ። ዋጋው ግን ከትሬይሉ ከእጥፍ በላይ ነው፣ ለጫካ እንጂ አስፋልት ላይ ሱቅ ደርሶ ለመመለስ አልተሠራም። የቀረው ያማሃ ቲደብሊው 200 ነበር። ጎማው ወፍራም ነው፣ አሸዋ ላይ ከኔው ይሻላል፣ ይህን አልክድም። ግን ቤንዚንና አየር የሚቀላቅልለት ካርቡሬተር ነው፤ ከፍታ ላይ አየር ሲሳሳ ካርቡሬተር ቤንዚን ያበዛል። ክብደቱም 126 ኪሎ። የኔው 117 ነው።

ዘጠኝ ኪሎ ምን ያደርጋል ትሉ ይሆናል። እስቲ እናስላው። ሞተሩ 117፣ ሂቹ (የመኪናው የኋላ መጎተቻ) ላይ የሚሰካው መሸከሚያ ወደ 40፣ በድምሩ 157 ኪሎ። ይህ ሁሉ የተንጠለጠለው ከኋላ አክሰል 1.8 ሜትር ያህል ወደ ኋላ ነው፤ የኔ ፒካፕ በፊትና በኋላ ጎማው መካከል ያለው ርቀት ደግሞ 3.6 ሜትር ነው። ስለዚህ የኋላው አክሰል ላይ የሚጨመረው 157 ሳይሆን 235 ኪሎ ገደማ ይሆናል፣ ከፊቱ ደግሞ 78 ኪሎ ይነሳለታል። ፊቱ መቅለሉ ጥሩ እንዳይመስላችሁ። መሪው ይቀላል፣ ዝናብ ላይ ፍሬን ስትይዙ በደንብ ይታወቃችኋል። ካምፐሩ ብቻውን የመኪናውን የመጫን አቅም ሊጨርስ ትንሽ ነው የሚቀረው። ሞተር ከመምረጣችሁ በፊት ውሃውን፣ ጋዙን፣ ምግቡን ሁሉ ጭናችሁ የከባድ መኪና ሚዛን ላይ ውጡ። ካምፐሩ ከፒካፑ ወደ ኋላ ተርፎ የሚወጣ ከሆነ የሂች ማራዘሚያ ያስፈልጋል፣ ማራዘሚያ ደግሞ ሂቹ የሚችለውን ክብደት ይቀንሰዋል።

መሸከሚያው ላይ አትቆጥቡ። የመጀመሪያው፣ የማን ሥራ እንደሆነ ልተወውና፣ ሂቹ ውስጥ እየተንቀጫቀጨ አሳበደኝ። ጨምቆ የሚይዝ ማጥበቂያ በሁለት ቡሎን ካሰርኩበት ወዲህ ጸጥ ብሏል። የኋላ መብራትና ሰሌዳው እንዳይሸፈንም እዩት።

አሁን ወደ መጫኑ። ትሬይሉ የፍሪሲዮን እጀታ የለውም። ማርሹን በእግር ትቀይራላችሁ፣ ፍሪሲዮኑ ራሱ ይሠራል። ለመንዳት ደስ ሲል! ለመጫን ግን ሌላ ነው፤ ሞተሩን አስነስታችሁ በአንደኛ ማርሽ መወጣጫው ላይ ልታወጡት ስትሉ ጋዝ ትንሽ ከበዛ ዘሎ ይሄዳል፣ እናንተ ደግሞ ቶሎ የምትይዙት ፍሪሲዮን እጃችሁ ላይ የለም። እኔ አጥፍቼው ተንደርድሬ ነው የምገፋው። ብቻዬን እችለዋለሁ። ለኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው፤ ሰው ጠርቼ የምጭነው ቢሆን ኖሮ ግማሹን ጊዜ ቤት ይቀር ነበር።

በሳን ዋን ተራሮች ካለችው ከሲልቨርተን ከተማ እስከ አኒማስ ፎርክስ ወደ 20 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከ2,840 ሜትር ተነስቶ ወደ 3,400 ይወጣል። አዲስ አበባ ላደገ ሳንባ ምንም አይደለም፣ ለ9 የፈረስ ጉልበት ሞተር ግን ብዙ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ ከጉልበቱ ሲሶ ያህሉ የለም። ቤንዚን የሚረጨው በኤሌክትሮኒክ ስለሆነ አይታፈንም፣ ደካማ ብቻ ይሆናል። የፊቱን ፒኞን (ካቴናውን የሚያዞረውን ትንሽ ጥርሳም ጎማ) በአንድ ጥርስ ባነሰ ቀየርኩት፣ ርካሽ ነገር ነው፣ ዳገቱ ላይ ልዩነቱ ትልቅ ነው። እስከ 1986 አሜሪካ ይሸጥ የነበረው አሮጌው ትሬይል፣ ሲቲ 110፣ ለዳገት የሚሆን ተጨማሪ ዝቅተኛ ማርሽ ነበረው፤ በ2021 እዚህ የገባው አዲሱ ግን የለውም። ለምን እንደተዉት አይገባኝም። ሞላውም አጭር ነው፣ ትላልቅ ድንጋይ ላይ ወገባችሁን ያስታውሳችኋል። ቀስ ማለት ነው።

ቤንዚን አይጠጣም፤ በሊትር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል፣ ታንኩ 5.3 ሊትር ነው። ሃይዌይ ላይ አታውጡት። ፖርቶመጋላው ሰፊ ስለሆነ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አስሬበት ለካምፐሩ ውሃ አመላልሳለሁ። መንጃ ፈቃዳችሁ ላይ የሞተር ሳይክል ማረጋገጫ መኖር አለበት፣ ሰሌዳም እንዲሁ። የትኛው የጫካ መንገድ ለሞተር ክፍት እንደሆነ የአሜሪካ ደን አገልግሎት በነፃ የሚሰጠውን ካርታ ተመልከቱ።

አሜሪካ የሚሸጠው መቀመጫው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፣ የኋላ ሰው እግር የሚያሳርፍበት እንኳ የለውም። ባለቤቴ ይህን በቀልድ አላለፈችውም። የኋላው ሂች ሁለተኛ ሞተር አይችልም። አሁን እያየን ያለነው ፊት ለፊት ሂች አስገጥሞ የሷን የኤሌክትሪክ ብስክሌት እዚያ መስቀል ነው፤ ከነመሸከሚያው 40 ኪሎ ቢሆን፣ ፊቱ ካጣው 78 ኪሎ ከግማሽ በላዩ ይመለስለታል።