የንግግርና የመዋጥ ሕክምና ማዕከል ግምገማ፦ ከማዕረጉ ቀጥሎ የተጻፈው መስመር

አባቴን ስትሮክ ከመታቸው በኋላ አንደበታቸው ተሳሰረ፤ ውኃ ሲጠጡም ትን ይላቸው ጀመር። ለሕክምና የወሰድናቸው ማዕከል፣ ታካሚው የመጀመሪያ ቀጠሮ ከመያዙ በፊት የንግግርና ቋንቋ ሕክምና ባለሙያዎቹ የት እንደተማሩ፣ በምን ዓይነት ተቋም እንደሠሩና በየትኛው ችግር ላይ እንዳተኮሩ የሚገልጽ ጽሑፍ ይሰጣል። የዚህ ግምገማ ጉዳይም ያ ጽሑፍ ካገኘነው አገልግሎት ጋር ምን ያህል እንደገጠመ ነው።

የባለሙያዎቹ ማዕረግ አንድ ዓይነት ነው። ሆኖም በዚህ ሙያ አንዱ ማዕረግ እጅግ የተራራቁ ሥራዎችን ይሸፍናል፤ የሚንተባተብ ሕፃን የሚያክመውም፣ በአንገቱ በገባ ቱቦ የሚተነፍስን የፅኑ ሕሙማን ክፍል ታካሚ እንደገና መዋጥ የሚያለማምደውም ያው ባለሙያ ነው። አባቴን የተቀበሏቸው ባለሙያ የአሜሪካ የንግግር፣ የቋንቋና የመስማት ማኅበር የሚሰጠው የሙያ ብቃት ምስክር ወረቀት አላቸው። ይህን ለማግኘት የማስተርስ ዲግሪ፣ ምልከታን ጨምሮ 400 ሰዓት የክሊኒክ ልምምድ፣ ከምረቃ በኋላ ደግሞ ቢያንስ 36 ሳምንትና 1,260 ሰዓት በአማካሪ ክትትል ሥር መሥራት፣ እንዲሁም ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል። መሠረቱ ጠንካራ መሆኑን አልጠራጠርም። ነገር ግን ያን ሁሉ ያሟላው ሰው የኋላ ዓመታቱን በትምህርት ቤት ይሁን በሆስፒታል ማሳለፉን ምስክር ወረቀቱ አይናገርም። እኛን የጠቀመን ከማዕረጉ ቀጥሎ የተጻፈው መስመር ነበር፤ ባለሙያዋ አብዛኛውን የሥራ ዘመናቸውን በሆስፒታል፣ ስትሮክ ከመታቸው ታካሚዎች ጋር አሳልፈዋል።

የዚህ ልምድ ዋጋ ወዲያው ታየ። ምግብ ወይም ፈሳሽ ወደ መተንፈሻ ቧንቧ ሲገባ የማያስሉ ታካሚዎች አሉ፤ እነዚህን አጠገባቸው ተቀምጦ ሲውጡ በመመልከት ብቻ መለየት አይቻልም፣ ሳይታወቅ የሚቆየው ችግርም ለሳንባ ምች ሊዳርግ ይችላል። ቀደም ብለን የሄድንበት ሌላ ቦታ ግን ምንም ምርመራ ሳያደርግ አባቴ የሚጠጡት ሁሉ እንዲወፍር አዝዞ ነበር። የወፈረ መጠጥ ለአንዳንዱ ታካሚ በእርግጥ ይረዳል፤ ሆኖም ብዙዎች ስለሚጠሉት ትንሽ እየጠጡ ሰውነታቸው ውኃ ሊያጥረው ይችላል። እኚህ ባለሙያ ምንም ከማዘዛቸው በፊት፣ ባሪየም (በኤክስሬይ ጎልቶ የሚታይ ንጥረ ነገር) የተቀላቀለበትን ምግብና መጠጥ ሲውጡ በተንቀሳቃሽ የኤክስሬይ ምስል የሚታይበት ምርመራ እንዲደረግ ጠየቁ። በጽሑፉ ላይ በዚህም ሆነ በአፍንጫ በሚገባው ቀጭን ካሜራ በሚካሄደው ምርመራ እንደሠለጠኑ ተጠቅሷል፤ ለመዋጥ ችግር የሚመጣ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊፈልገው የሚገባው መረጃ ይህ ይመስለኛል። ምስሉ እንዳሳየው አባቴ አገጫቸውን ወደ ደረታቸው ዝቅ አድርገው ሲውጡ ውኃው ወደ መተንፈሻ ቧንቧ መግባቱን አቆመ፤ መወፈር ያስፈለገው በመድኃኒት ሰዓት የሚወስዱት ፈሳሽ ብቻ ሆነ።

ውፍረቱን በግምት እንዳናደርገውም ዓለም አቀፉን ከ0 እስከ 7 ያለውን የምግብና የመጠጥ ደረጃ አስተማሩን። በ10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ የተሞላው ፈሳሽ ለ10 ሴኮንድ እንዲፈስ ተደርጎ ከ4 እስከ 8 ሚሊ ሊትር ከቀረ ደረጃው 2 ነው። ሲሪንጁም ማንኛውም አይደለም፤ ከዜሮው እስከ 10 ሚሊ ሊትሩ ምልክት ያለው ርዝመት 61.5 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። እንዲህ ያለውን ዝርዝር ለቤተሰብ በትዕግሥት የሚያስረዳ ባለሙያ ብዙ አላጋጠመኝም።

የንግግሩ ሕክምና በጎ ነበር፣ የተለየ የምለው ግን የለኝም።

ነቀፌታዬ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ጽሑፉ በጥቂት ቀናት የሚጠናቀቁ አጫጭር ሥልጠናዎችን ከዓመታት የሆስፒታል ሥራ ጋር ጎን ለጎን ይደረድራል፤ ዓመተ ምሕረትም ስለማይጽፍ አንባቢው የትኛው ክብደት እንዳለው ሊለይ አይችልም። ለፓርኪንሰን ሕሙማን የሚሰጠውን የድምፅ ማጎልበቻ ሕክምና ሥልጠና መውሰድ መልካም ነው፤ የመዋጥ ችግርን ስለማከም ግን ማስረጃ አይሆንም። ሁለተኛውና የከፋው፣ ባለሙያዋ ፈቃድ ሲወጡ ቀጠሯችን ሳንጠየቅ ለሌላ ባልደረባቸው መተላለፉ ነው። ተተኪው ትሑትና ትጉህ ሰው ናቸው፤ ልምዳቸው ግን በጽሑፉ እንደተገለጸው በሕፃናት የድምፅ አወጣጥ ላይ ነው፤ ስለ አባቴ አዋዋጥ ስንጠይቃቸው ባለሙያዋ እስኪመለሱ እንድንጠብቅ መከሩን። ማወቃቸው የሚያበቃበትን በግልጽ መናገራቸውን አከብራለሁ፤ ጥፋቱ ቀጠሮ የሚያደለድለው ክፍል ነው። ቅሬታ ካቀረብን በኋላ ማዕከሉ ቀጣዮቹን ቀጠሮዎች በባለሙያዋ ስም ብቻ መዝግቦልናል፤ አዲስ ታካሚም ይህንኑ ገና ከመጀመሪያው ሊጠይቅ ይችላል።