ለእናቴ የጡረታ ገንዘብ ለደረሰችላት እህት ምስጋና

ዛሬ የምጽፈው ለማመስገን ነው። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ቢሮ ያላት አንዲት የሒሳብ ባለሙያ እናቴን ከትልቅ ጣጣ አውጥታልናለች። ከአሜሪካ ጠቅልሎ የገባ ወይም ሊገባ ያሰበ ዘመድ ያላችሁ ሁሉ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

እማዬ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው ስትሠራ የኖረችው። የሌሊት ፈረቃ፣ ደብል ፈረቃ፣ በዓል የለ ምን የለ። ሰው ስታነሳ ስታስተኛ ጉልበቷ አለቀ። ከየደሞዟ እየተቆረጠ የተጠራቀመላት ፎር ኦ ዋን ኬ የሚባለው የጡረታ ሒሳብ ነው። 62 ዓመት ሲሞላት «አሁንስ ይበቃኛል፣ አገሬ ገብቼ ልረፍ» ብላ መጣች። ገንዘቡ እዚያው ተቀምጦ በየጊዜው ይላክልኛል ብላ ነበር ያሰበችው።

ከዚያ በኋላ ያየነውን ፍዳ እኛ ነን የምናውቀው። መጀመሪያ «የዳያስፖራ ጉዳይ እጨርሳለሁ» የሚል ሰው ጋ ሄድን። የእማዬን ፓስፖርት በስልኩ ፎቶ አነሳ፣ ወረቀት ሞላ፣ «እዚህ ጋ ይፈርሙ» አላት። ምን እንደሆነ ስንጠይቀው «ፎርማሊቲ ነው» አለን። አጠገቡ የነበረው ደግሞ «ብሩ ሐምሌ 2016 ከተለቀቀ ወዲህ ዶላር ያለው ንጉሥ ነው፣ ሁሉንም ባንዴ አውጥተው ያምጡት» ይላታል። ሌላ ቢሮ ስንሄድ «ኢትዮጵያ ከገባችሁ የአሜሪካ ግብር አይመለከታችሁም» ተባልን። አሜሪካ ያለ አንድ ሰው በኢንተርኔት አግኝተን ቅድሚያ ክፍያ ከላክንለት በኋላ ስልክ ማንሳት አቆመ። ማንንም በስም አልጠራም፣ ፈጣሪ ይፍረድ። ግን አዛውንት ሰው ላይ እንዲህ አይደረግም። በእውነት አይደረግም!

የመጀመሪያው ክፍያ ሲመጣ ከመቶ 30 እጁ ተቆርጦ ነበር። የጡረታ ሒሳቡን የያዘው የአሜሪካ ኩባንያ የጻፈው ደብዳቤ ደግሞ ለእኛ አይገባም። እማዬ ያን ቀን እራት አልበላም ብላ ተኛች።

ከጽዋ ማኅበር ጓደኞቿ አንዷ ናት ይህችን ልጅ የጠቆመችን። ቢሮዋ አራተኛ ፎቅ ነው። የሄድን ዕለት መብራት ጠፍቶ ሊፍቱ ቆሟል። እማዬ ደረጃውን ቀና ብላ አየችና «እንመለስ» አለችኝ። ደውዬ «ሌላ ቀን እንመጣለን» ስላት «የት ናችሁ? ባላችሁበት ቆዩ» ብላ ስልኩን ዘጋች። ትንሽ ቆይታ ላፕቶፗን በብብቷ ይዛ፣ ማኅደር አቅፋ ወረደች። ምድር ቤት ካለው ካፌ ጥግ ይዛ አስቀመጠችን። ለእማዬ ሻይ አዘዘች፣ እግሯን የምታሳርፍበት ወንበር ሳበችላት። ስለ ገንዘቡ ከማውራቷ በፊት «እማማ፣ ጉልበትዎን እንዴት አደረጉት?» ብላ ጠየቀቻት። እዚያ ቤት ሁሉ ስንመላለስ እናቴን ቀና ብሎ ያየ ሰው አልነበረም። ይህን እስከ ዕድሜዬ ማብቂያ አልረሳላትም።

ከዚያ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አየች። አንዱ ላይ ስትደርስ ጣቷን አሳረፈችና «እማማ፣ የየት አገር ፓስፖርት ነው ያለዎት?» አለቻት።

«የአሜሪካ።»

«ታዲያ ይሄ የእርስዎ ቅጽ አይደለም።»

ለካ ያ «ፎርማሊቲ» የተባለው ደብሊው ኤይት ቤን የሚሉት፣ የአሜሪካ ዜጋ ያልሆነ ሰው የሚሞላው ቅጽ ነው! ኩባንያው እናቴን እንደ ውጭ ዜጋ ቆጥሮ 30 ከመቶ ቆረጠ። አሜሪካና ኢትዮጵያ ደግሞ ተደራራቢ ግብር የሚያስቀር ስምምነት ስለሌላቸው የሚቀንስለት ነገር የለም። ዜጋ የሚሞላው ደብሊው ናይን የሚባለውን ነው። ያን ሁሉ ቢሮ ስንዞር ፓስፖርቷን ፎቶ ያነሳ እንጂ ዜግነቷን የጠየቀ አልነበረም።

እዚያው ካፌ ውስጥ፣ አሜሪካ ሥራ የሚገባበት ሰዓት ሲደርስ፣ በራሷ ስልክ ኩባንያው ጋ ደወለች። የእማዬን የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ሲጠይቁ ስልኩን ሰጠቻትና «ለእኔም አይንገሩኝ፣ ራስዎ ቁልፉን ተጭነው ያስገቡ» ብላ ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች። ገና ውል አልተፈራረምንም ነበር። እማዬ «ይሄ ልጅ አሳዳጊዋ የተባረከ ነው» ያለችው ያኔ ነው።

ሌላውን ነገር እኔ በደንብ አልገባኝም፣ የገባኝን ብቻ ልንገራችሁ። አሜሪካ ዜጋዋን የትም ይኑር የት ግብር ትጠይቀዋለች። ስለዚህ «አይመለከታችሁም» የተባልነው ውሸት ነበር። ገንዘቡ ባንዴ ከወጣ ሁሉም በአንድ ዓመት ገቢ ላይ ይደመርና ከፍ ያለ የግብር እርከን ውስጥ ይከታል። በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ከወጣ ግን ግብሩ ይቀላል። ደግሞ እንደ እማዬ በፈረንጆቹ 1960 ወይም ከዚያ ወዲህ የተወለደ ሰው 75 ዓመት እስኪሞላው ድረስ «የግድ አውጣ» የሚለው የለም። ታዲያ ያ ሁሉ ጥድፊያ ለማን ጥቅም ነበር?

አዲስ አበባ ያለው የባንክ ሒሳቧ ተደምሮ በዓመቱ ውስጥ ለአንድ ቀን እንኳ ከ10,000 ዶላር ካለፈ ኤፍባር የሚባል፣ ለአሜሪካ መንግሥት የሚቀርብ ሪፖርት አለ። ይህንን የነገረን ሰው አልነበረም። እሷ ሠርታ አስገባችልን። በእኛ አገር በኩልም በአዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት በዓመት ከ183 ቀን በላይ እዚህ የተቀመጠ ሰው እንደ ነዋሪ ይቆጠራል፣ የውጭ ገቢውም ይታያል። የሁለቱን አገር አንድ ላይ አይታ በጽሁፍ አስረዳችን። እማዬን ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳት ግን የሜሪላንድ ስቴት የራሱ ግብር ነበር፣ «ስቴቱም ይከተለኛል» እያለች። በፈረንጆቹ 1996 የወጣ የፌዴራል ሕግ አለ አለቻት፣ ከስቴቱ ለቆ የወጣን ሰው ጡረታ ስቴቱ እንዳይነካ የሚከለክል። ዋናው በእርግጥ ለቆ መውጣት ነው፣ መንጃ ፈቃድና የመራጭነት ምዝገባ እዚያ ትቶ አይደለም።

ቅጹ ተቀየረ። ቀጣዩ ክፍያ 30 ከመቶው ሳይነካው መጣ። አስቀድሞ የተቆረጠውም በዓመታዊ የግብር ማስታወቂያዋ ላይ ተይዞላት አብዛኛው ተመለሰላት። ልጅቷ መጀመሪያውኑ «ሁሉም ይመለሳል አልልም» ብላን ነበር። ይህም ደስ ይለኛል፣ ባዶ ተስፋ አልሰጠችንም። ዋጋዋን ሥራ ሳትጀምር ተናገረች፣ ያለችውን ወሰደች፣ ደረሰኝ ቆረጠች። የግብር ማስታወቂያው ላይም ስሟን ጽፋ ፈርማለች። ለክፍያ ብሎ የአሜሪካ ግብር የሚሠራ ሰው የራሱ መለያ ቁጥር ሊኖረውና ሊፈርም ግዴታው ነው። አልፈርምም የሚል ካጋጠማችሁ ወረቀታችሁን ይዛችሁ ውጡ።

አጎቴም ሰምቶ ሄደ። እሱ ያለው ግሪን ካርድ ነው፣ «ኤምባሲ መልሼው ልገላገል» ይል ነበር። «ቆይ፣ መጀመሪያ ዓመቱን እንቁጠር» አለችው። ከ15 ዓመት ውስጥ 8ቱን በግሪን ካርድ የቆየ ሰው ሲመልስ የመውጫ ግብር፣ ማለትም ነዋሪነቱን ሲተው የሚጠየቀው ግብር፣ ጉዳይ ሊነሳበት ይችላል። አሁን ረጋ ብሎ እያሠራ ነው።

እባካችሁ፣ እናት አባት ያላችሁ፣ ገንዘቡ ከመነካቱ በፊት እሷ ጋ ውሰዷቸው። ገና እዚያ ያላችሁም ከመምጣታችሁ በፊት አማክሯት፣ በተለይ 59 ዓመት ተኩል ያልሞላችሁ። ቀድሞ ማውጣት በአብዛኛው ተጨማሪ 10 ከመቶ ያስከፍላል። ውጭ የሚኖር የአሜሪካ ዜጋ ግብሩን የሚያስታውቅበት ጊዜ እስከ ሰኔ 8 ይራዘምለታል፣ ያልተከፈለ ግብር ላይ ግን ወለዱ ከሚያዝያ ጀምሮ ይቆጥራል። ስለዚህ አትዘናጉ።

ስሟንና ስልኳን እዚህ ያልጻፍኩት ራሷ ስለለመነችኝ ነው፣ ሥራ ሲበዛባት ጥራቱ እንዳይቀንስ ትፈራለች። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ለእያንዳንዳችሁ እልካለሁ። ስትሄዱ ፓስፖርት፣ ያለፈውን ዓመት የግብር ወረቀትና ከኩባንያው የመጣላችሁን ደብዳቤ ሁሉ ያዙ፣ የፈረማችሁትን ቅጽ ኮፒ ጭምር። እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ውለታሽን እሱ ይክፈልሽ።