ሰንጠረዡን መሸምደድ ወይስ ሐረጉን መያዝ?

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ጀርመንኛ የሚያጠኑ ልጆች «የእኔ»፣ «የአንተ» ላይ ሲደርሱ ለሁለት ይከፈላሉ። አንዱ ወገን የቃሉን መለዋወጫ ሰንጠረዥ እንደ ዳዊት ይደግማል፤ ሌላው ሙሉ ሐረግ ይይዛል።

ሰንጠረዡ አጭር ነው። «የእኔ» የሚለው ቃል፣ ስሙ ባለቤት፣ ቀጥተኛ ተሳቢ ወይም ተቀባይ ሲሆን በቅደም ተከተል፣ ለወንዴ ስም «ማይን፣ ማይነን፣ ማይነም»፤ ለሴቴ «ማይነ፣ ማይነ፣ ማይነር»። ጄኔቲቭ (የባለቤትነት መልኩ) ለጊዜው ይቆይ። «ዳይን» (የአንተ) እና «ዛይን»ም (የእሱ) ያንኑ መጨረሻ ይወስዳሉ። ለጽሑፍ ፈተና ጥሩ ነው። ስታወራ ግን ሰንጠረዡን በሐሳብህ እስክትገልጥ ሰውዬው ሄዷል።

ሐረግ የያዘው «ሚት ማይነም ብሩደር» (ከወንድሜ ጋር)፣ «ሚት ማይነር ሽቬስተር» (ከእህቴ ጋር) ብሎ ሳያስብ ይለቀዋል። የእኛዋ «ን»ም ታግዛለች። «ወንድሜን አየሁ» ስትል «ማይነን ብሩደር» ይሆናል። «እህቴን» ላይ ግን «ማይነ ሽቬስተር» እንዳለ ይቀራል። ይቺው «ን» ታታልላለችም። «ወንድሜን እረዳዋለሁ» ብለን አስበን «ማይነን» እንላለን፤ ትክክሉ «ኢሽ ሄልፈ ማይነም ብሩደር» ነው። ሰንጠረዡ ይህን ወጥመድ አያሳይም፤ ግሱን ከነሐረጉ የያዘ ግን ከወጥመዱ ያመልጣል።

ለጀማሪ እኔ ሐረጉን እመርጣለሁ። ሰንጠረዡ ለብዙ ቁጥር ይቀመጥ። «ሚት ማይነን ኪንደርን» (ከልጆቼ ጋር) ላይ ስሙ ራሱ «ን» ሲጨምር ያኔ ይፈለጋል።