«ሪከቨሪ እንጨምርላችኋለን» የሚሉ ሻጮች ሲመጡ ቆም በሉ

ማዕድን ማጣሪያ ፋብሪካ ውስጥ ያላችሁ፣ በተለይ ግዢ ላይ የምትፈርሙ፣ ይቺን አንብቡ። ወፍጮውንና ፍሎቴሽኑን (የተፈጨውን ማዕድን በውኃና በአረፋ የሚለየውን ክፍል) በራሱ ይመራል የሚባል ሶፍትዌር ይዘው የሚዞሩ ሻጮች በዝተዋል። ሶፍትዌሩ ሁሉ ውሸት ነው አልልም፤ በደንብ ከተገጠመ ይጠቅማል። የማስጠነቅቃችሁ ስለ ውሉ ነው።

«ሪከቨሪያችሁን በ1 በመቶ እናሳድጋለን፣ የምትከፍሉንም ከጭማሪው ላይ ነው» ይላሉ። ሪከቨሪ ማለት በማዕድኑ ውስጥ ካለው መዳብ ስንት በመቶው እንደተገኘ ነው። ማን ይጠላል? ግን ጭማሪውን የሚለካው ማነው? እኛ በገባንበት ውል ላይ ለኪው ሻጩ ራሱ ነበር። ተጫዋቹም ዳኛውም እሱ።

ያ 1 በመቶ ምን ያህል ቀጭን ነገር እንደሆነ በቁጥር እንየው። የሚገባው ማዕድን 2 በመቶ መዳብ አለው እንበል። ኮንሰንትሬቱ (ተለይቶ የሚወጣው ምርት) 25 በመቶ፣ ቴይሊንጉ (የሚጣለው ቅሪት) 0.20 በመቶ። በተለመደው ቀመር ሪከቨሪው 90.7 በመቶ ይመጣል። አሁን ሌላውን ሳትነኩ ቴይሊንጉን 0.18 አድርጉት። 91.7 ሆነ! ያቺን የ0.02 ልዩነት ለማምጣት የናሙና መውሰጃው አፍ ላይ ጭቃ መድረቁ ብቻ ሊበቃ ይችላል። ማንም ምንም ሳይሠራ ደረሰኝ ይመጣላችኋል።

«ከመትከላችን በፊት» እና «ከተከልን በኋላ» የሚል ግራፍም አትቀበሉ። በመሃል ማዕድኑ ራሱ ይቀየራል። ለስለስ ያለ ድንጋይ ከመጣ ቁጥሩ ያለማንም እርዳታ ያምራል። ሶፍትዌሩ በየተራ ይከፈት፣ ይዘጋ፤ ተራው በዕጣ ይውጣ፤ ናሙናውን የእናንተ ሰው ይውሰድ። ይህን ስትሉት ሻጩ ፊቱን ካጠቆረ ነገሩ ገብቷችኋል ማለት ነው።

ሌላው ሻጮች የማያነሱት ነገር ሶፍትዌሩ የሚያዘው የታችኛው ዕቃ፣ እንደ ቫልቭ ያለው ነው። እኛ ጋ ለሳይክሎኑ (ደቃቁን ከሻካራው በሽክርክሪት ለሚለየው ዕቃ) የሚልከው ገንዳ ላይ ያለው የውኃ ቫልቭ እየተጣበቀ ይይዝ ነበር። ተቆጣጣሪው ክፈት ሲለው ዝም ይላል፤ ትእዛዙ ሲጠራቀም ደግሞ ድንገት ዘሎ ይከፈታል። ስክሪኑ ላይ የገንዳው ከፍታ እንደ መጋዝ ጥርስ ሲወጣና ሲወርድ ይታያል። ፍሰቱ ሲዋዥቅ ሳይክሎኑ በደንብ ያልተፈጨውን አሸዋ ወደ ፍሎቴሽን ያሳልፋል፤ መዳቡም ከአሸዋው ጋር ወደ ቴይሊንግ ይሄዳል። ውዱ ሶፍትዌር የተጫነው በዚህ ላይ ነው። ኦፕሬተሮቹ ሲሰለቻቸው ወደ ማኑዋል መለሱት፤ ልክ ነበሩ። በኋላ ጥገና ክፍል ቫልቩን ቀይሮ የድሮውን ፒአይዲ (ተራውን አውቶማቲክ ተቆጣጣሪ) እንደገና ሲያስተካክለው ገንዳው ተረጋጋ። ለዚህ ላይሰንስ አላስፈለገም።

አንድ ጥያቄ ሻጩን ፊት ለፊት ጠይቁት። ወፍጮ ሲሞላ የሚስበው ኃይል እስከ አንድ ደረጃ ይጨምራል፤ ከዚያ ካለፈ ግን ይቀንሳል። ኃይልን ብቻ የሚያነብ ፕሮግራም «ባዶ ነው» ብሎ ተጨማሪ ድንጋይ ሊያጎርሰው ይችላል። «የእናንተው መሙላቱን በምን ያውቃል?» በሉት። የቤሪንግ ግፊት (ወፍጮው በሚዞርበት መደገፊያ ላይ ያለው)፣ የክብደት መለኪያ ወይም የወፍጮ ድምፅ ካላለ ስብሰባውን አሳጥሩ።

ጥቃቅኑን ጽሑፍም አንብቡ። የእኛ ውል የሴንሰር ካሊብሬሽንን (መለኪያዎቹ ልክ እንዲያነቡ ማስተካከሉን) በደንበኛው ላይ ጥሏል። ማዕድኑ ሲቀየር ሞዴሉን ማስተካከል ለብቻው ያስከፍላል። የይለፍ ቃሉ በሻጩ እጅ ነው፤ የራሳችን መሐንዲስ አንድ ገደብ ለመቀየር ኢሜይል ጽፎ ይጠብቃል። የአገልግሎት ክፍያው ደግሞ ሶፍትዌሩ ተዘግቶም ይቆጥራል።