ለወርክሾፕ ቋሚና ጣሪያ፦ ቀይ ባሕር ዛፍ ወይስ የፈረንጅ ጽድ?

በባሕር ዳር የራሱን ወርክሾፕ ለማቆም የተነሣ አናጢ ቦታውን ካገኘ በኋላ የሚገጥመው የመጀመሪያ ጥያቄ ቤቱን በየትኛው እንጨት ላቁመው የሚለው ነው። ገበያ ላይ በብዛት የሚያገኛቸው ሁለት ናቸው፤ አንዱ ከመራዊና ከዙሪያው ገበሬዎች ማሳ ተቆርጦ የሚመጣው የቀይ ባሕር ዛፍ ግንድ ሲሆን፣ ሌላው በመጋዝ ተሰንጥቆ በሞራሌና በጣውላ መልክ የሚሸጠው የፈረንጅ ጽድ ነው። ቱቦላሬ ብረትም አለ፤ ሆኖም ብየዳ የማይችል አናጢ ቤቱን ባሰፋ ቁጥር የሌላ ሰው እጅ ስለሚጠብቅ እዚህ አላነጻጽረውም።

በጥንካሬ ባሕር ዛፉ በግልጽ ይበልጣል። የደረቀ ቀይ ባሕር ዛፍ በአንድ ሜትር ኩብ ከ800 ኪሎ በላይ ሊመዝን ሲችል፣ የፈረንጅ ጽድ ግን 450 ኪሎ ገደማ ነው፤ ሸክም የመቻል አቅማቸውም በዚያው ልክ ይራራቃል። የቀዩ ልብ፣ ማለትም የግንዱ የመሐል እንጨት፣ ከነጩ ባሕር ዛፍ በተሻለ ምስጥን ይቋቋማል፤ ስለዚህ ሻጩ «ባሕር ዛፍ ነው» ሲልዎት የትኛው እንደሆነ ሳይጠይቁ ሒሳብ አይክፈሉ።

ይሁን እንጂ ገዢዎች ዋጋና ጥንካሬ ሲያወዳድሩ ርጥበቱን ይረሱታል፤ እኔም በዚህ ነው የተጎዳሁት። ገና የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ግንቦት ላይ አቆምሁ፤ ክረምቱን ሙሉ ደኅና መስሎ ከረመ። ጥር ሲገባ ግን ሁለቱ ቋሚዎች ተጠማዝዘው የበሩ መቃን አንድ ጣት ያህል ከቦታው ወጣ፣ አጥብቄ ያሰርኋቸው ቡሎኖችም በእጅ የሚዞሩ ሆኑ። ምክንያቱ እንጨት ርጥበቱ ከ30 በመቶ ገደማ በታች መውረድ ሲጀምር መኮማተሩ ነው፤ ባሕር ዛፍ ደግሞ በውስጡ ተወጥሮ ያደገ ዛፍ በመሆኑ ሲደርቅ ጫፉ ይሰነጠቃል፣ ገላውም ይጠማዘዛል። የፈረንጅ ጽድ ሲደርቅ የሚኮማተረው ጥቂት ነው፤ ቀጥ ብሎ ይቆያል፣ ሚስማር ሲመታበትም ቶሎ አይሰነጠቅም። የደረቀውን ባሕር ዛፍ ከእርጥቡ ለመለየት ሁለት እኩል ግንዶችን አንሥተው ክብደታቸውን ያወዳድሩ፤ ጫፉን በመዶሻ ሲመቱት የደረቀው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ እርጥቡ ይታፈናል።

የፈረንጅ ጽድ ጉድለቱ ልስላሴውና አንጓው ነው። መሐሉ ላይ ትልቅ አንጓ ያለበትን ሞራሌ ለጣሪያ አይውሰዱ፤ ዳር ዳሩ ነጣ ያለውን ክፍል ምስጥና ነቀዝ ቶሎ ስለሚበሉት፣ ነጩ የበዛበትን ይመልሱ። ልስላሴውን ግን በአቀማመጥ ማካካስ ይቻላል፦ 5 በ10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጣውላ በጠርዙ ሲቆም በጠፍጣፋው ከሚተኛው አራት እጥፍ ይበልጥ መጉበጥን ይከላከላል። የቆርቆሮ ተሸካሚዎችን አስተኝቶ መምታት የተለመደ ቢሆንም፣ እኔ ሁልጊዜ በጠርዛቸው ነው የማቆማቸው።

የትኛውንም ቢገዙ እንጨቱን መሬት ውስጥ መቅበር አይገባም። የከተማችን ዋልካ አፈር በክረምት አብጦ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ምስጡም ከሥር ተነሥቶ በቋሚው ላይ ቀጭን የጭቃ ቱቦ እየሠራ ይወጣል። የተቃጠለ ዘይት መቀባት ላይ ላዩን ብቻ ስለሚነካ ብቻውን አይበቃም። ቋሚው ከመሬት 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ባለ የጥቁር ድንጋይ ወይም የኮንክሪት መቀመጫ ላይ በብረት ታስሮ ቢቆም፣ የጭቃውን ቱቦ ገና ሲጀምር አይተው ጠርገው ማጥፋት ይችላሉ።

ስለዚህ የእኔ ምርጫ ለቋሚዎቹ የደረቀ ቀይ ባሕር ዛፍ፣ ለጣሪያው፣ ለበርና ለመስኮት መቃን ደግሞ የፈረንጅ ጽድ ነው። አቅም ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ባሕር ዛፉን ኅዳር ላይ ገዝቶ፣ ልጡን አንሥቶ፣ በጥላ ሥር በመካከሉ አየር እንዲያልፍ ቀጫጭን እንጨት እያስገቡ መደርደርና እስከ ግንቦት መታገሥ ይሻላል።