ሁለቱንም ብልቃጥ ለምታሳየው ሲስተር

ስሜ እንዳይጠራ ብላ ስለለመነች ስሟን ትተነዋል፤ ሥራዋን ግን ሳናመሰግን አናልፍም። በክትባት ሥራ ላይ የምንውል ሰዎች ጥሩ እጅ ስናይ እናውቃለን፣ የእሷ እጅ ደግሞ የተባረከ ነው።

የማጅራት ገትር ክትባት ሲባል ሰው አንድ መርፌ ይመስለዋል። ከዓይነቶቹ መካከል አንዱ ግን በእሽጉ ውስጥ ሁለት ብልቃጥ ይዞ ይመጣል፤ አንዱ ዱቄት፣ አንዱ ፈሳሽ። ፈሳሹን ብዙ ባለሙያ ሳይቀር መበጥበጫ ውሃ ብቻ አድርጎ ያየዋል። አይደለም። ይህ ክትባት የሚከላከለው ኤ፣ ሲ፣ ደብሊው እና ዋይ የሚባሉ አራት የማጅራት ገትር ባክቴሪያ ዓይነቶችን ነው፤ የሲ፣ የደብሊው እና የዋይ ክትባት ያለው ፈሳሹ ውስጥ ነው፤ ኤ ያለው ዱቄቱ ውስጥ ነው። ቸኩሎ ፈሳሹን ብቻ ስቦ የወጋ ሰው ከአራቱ ሦስቱን ሰጥቶ፣ ካርዱ ላይ አራቱንም ጽፎ ይሸኛል። እንዲህ የሚሠራባቸው ቦታዎች አሉ፣ ስማቸውን አንጠራም። ዱቄቱ ክዳኑ ሳይነካ ቅርጫት ውስጥ ሲገኝ ግን አንጀት ያሳርራል፤ ተከታቢው ተጠብቄያለሁ ብሎ ቤቱ ገብቷላ!

ሲስተር ሁለቱንም ብልቃጥ ሳትከፍት በፊት ለተከታቢው ወይም ለወላጁ ታሳያለች። ፈሳሹን በስሪንጅ ስባ ዱቄቱ ላይ ትጨምራለች፣ እየገለበጠች በደንብ ትነቀንቃለች፣ ወደ ብርሃን አንስታ አለመጓጎሉን ታያለች፣ ከዚያ 0.5 ሚሊ ሊትር ትስባለች። ከተበጠበጠ በኋላ ከ8 ሰዓት በላይ ስለማይቀመጥ ቀድማ በጥብጣ አትደረድርም። ለጨቅላ ጭኑ ላይ ከፊት ወደ ውጪ በኩል፣ ለትልቅ ሰው ክንዱ ላይ ከትከሻው ሥር ትወጋለች። ባዶዎቹን ሁለት ብልቃጦች ጎን ለጎን አስቀምጣ ነው ካርዱን የምትሞላው። ይቺን ነገር ሁሉም ቢለምዳት!

ፍሪጁስ? ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው መቆየት ያለበት። ክትባቱን ከበረዶ ቤቱ ግድግዳ ጋር አስጠግተው የሚያስቀምጡ አሉ፤ ሌሊት ይረጋል፣ ጠዋት ይቀልጣል፣ ሲያዩት ምንም የሆነ አይመስልም፣ ይወጋል። እሷ የረጋውን ታስወግደዋለች፣ ማንም ቢቆጣት።

መጠየቅም ታውቃለች። ጣፊያው የወጣለት ሰው በአንድ መርፌ አይበቃውም፤ ሁለቱን በ8 ሳምንት ልዩነት ሰጥታ፣ በየ5 ዓመቱ እንዲመለስ ካርዱ ላይ ትጽፍለታለች። ለሐጅ የሚሄድን ሰው ሳዑዲ ከመድረሱ ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ እንዲከተብ ትነግረዋለች፤ የክትባቱን ዓይነትም በግልጽ ትጽፋለች፤ ምክንያቱም ኮንጁጌት የሚባለው ለ5 ዓመት ሲያገለግል፣ ዓይነቱ ያልተጻፈበት ወረቀት የሚቆጠረው ለ3 ዓመት ብቻ ነው። በዚህች አንዲት ቃል መጉደል ስንቱ ተጉላልቷል።

ደግሞ አታታልልም። ይህ መርፌ ቢ የሚባለውን የባክቴሪያ ዓይነት እንደማይጨምር፣ ማጅራት ገትር የሚያመጡት የሌሎቹ ባክቴሪያዎች የኒሞኮከስና የሂብ ክትባት ደግሞ ለሕፃናት ለብቻው እንደሚሰጥ ትናገራለች። ስለዚህ የተከተበ ልጅም ቢሆን ትኩሳት ይዞት አንገቱ ከደረቀ፣ ወይም ብርጭቆ ሲጫኑበት የማይጠፋ ሽፍታ ከወጣበት «ተከትቧል» ተብሎ እንዳይቀመጥ፣ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም እንዲሮጥ ታስጠነቅቃለች። ከወጋች በኋላ 15 ደቂቃ ታስቀምጣለች፣ ለድንገተኛ ከባድ አለርጂ የሚሰጠው መድኃኒት፣ አድሬናሊኑ፣ ከትሪዋ ላይ አይጠፋም። በመርፌ ጊዜ ራሳቸውን ስተው በብዛት የሚወድቁት ጎረምሶች ናቸው፤ እነሱን አስተኝታ ትወጋለች፣ ሳታሳፍራቸው።

ሲስተር፣ እግዜር ይስጥልን፤ እጅሽ ይባረክ። ወገኖች፣ ልጆቻችሁንም ራሳችሁንም ይዛችሁ ሂዱላት፤ ቦታውን ለጠየቀን ሁሉ በውስጥ መስመር እንልካለን። የድሮ ካርድ ካላችሁ ያዙ። ከጠፋባችሁም ሂዱ፣ አትቆጣም።